እናቴን «ሶዲየም» ብሎ ለጠራት አባቴ

መምህር ማቴዎስ፣ አባቴ፤

በሕይወት ሳለህ «አንተ» ብዬህ አላውቅም። የሰፈራችን ልጆች አባቶቻቸውን በወላይትኛ እንደ ልባቸው ሲያናግሩ፣ እኛ ቤት አማርኛ ብቻ እንዲነገር፣ በአማርኛውም «እርስዎ» እንድትባል ደንግገህ ነበር። ከተለየኸን ዓመት ሞላ። በዚህ ዓመት ውስጥ ይህን ደብዳቤ በ«እርስዎ» ልጀምረው ሞክሬ ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ። ለማከብረው ሰው የምሰጠውን ቃል ላንተ መስጠት ውሸት ሆነብኝ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አንተ ነህ። ቅር ቢልህም መልስ ልትሰጥ አትችልም። እኔም ካንተ ጋር ስኖር እንደዚያ ነበርኩ፤ ስትናገረኝ መልስ አይፈቀድልኝም ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እናቴ ወደ ሶዶ ተመልሳለች። ቁልፉን አምጥቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ። በገባች በሳምንቷ ሳሎን ግድግዳ ላይ የቸነከርከውን ጥቁር ሰሌዳ ነቅላ የዶሮ ቤት መዝጊያ አደረገችው። ጎረቤታችን «ኧረ የመምህሩ ሰሌዳ ነው!» ቢሏት «ዶሮዎቹ ይማሩበት» አለቻቸው። ቤት ውስጥ አሁን የሚነገረው ወላይትኛ ነው፤ ጮክ ተብሎም ይሳቃል። «ባላገር ያስመስለናል» ብለህ ያስነቀልከውን እንሰት ጓሮ እንደገና ተክላዋለች፤ ይዞላታል። ኮትህን ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ሰጠችው። ትከሻው ላይ ጠቦታል፤ ግን እሑድ እሑድ ይለብሰዋል።

ሰው ሁሉ ስላንተ አንድ ነገር ይላል፤ «እንደ መምህር ማቴዎስ የሚያስተምር አልነበረም» ይላል። እውነት ነው፤ አልክድም። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴም የሳይንስ አስተማሪዬም አንተ ነበርክ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የንጥረ ነገሮቹ ስም ደግሞ ከእንግሊዝኛውም የባሰ ነው። ሃይድሮጅን፣ ሄሊየም፣ ሊቲየም። ተማሪው እንደ ዳዊት ሲደግም ያመሽና ጠዋት ሁሉም ጠፍቶበት ይመጣል። አንተ ግን አንድ ቀን አለንጋህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክና «ተነሡ፣ ውጡ፣ መንገድ እንሄዳለን» አልክ።

ከቤታችን በር ጀምረህ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ አስኬድከን። በየቦታው እያቆምክ በየቦታው አንድ ሥዕል አስቀመጥክልን፤ በዓይናችን ሳይሆን በልባችን የምናየው። በራችን ላይ «ዓይናችሁን ጨፍኑ» አልክ። «ቅል አለ፤ ውስጡ ሃታ ሞልቷል። ሃታ ምንድን ነው?» «ውሃ!» ብለን ጮኽን፤ ወላይትኛ የተናገረን ልጅ የሚቀጣው መምህር ራሱ በወላይትኛ ሲናገር ደስ ብሎን። «ይህ ቅል ግን አይከብድም፤ እንደ ላባ ቀሎ ወደ ሰማይ እየወጣ ነው። ሃታ፣ ሃይድሮጅን። ውሃን የሚወልድ፣ ከሁሉም የሚቀል፣ አንደኛ።» የሱቁ ደጅ ላይ፣ ላምባ በሚሰፈርበት ሊትር ውስጥ ሊቲየምን ከተትክ። ባዶው ሜዳ ላይ ቤት የሌለው በር አቆምክና ቤሪሊየም አልከው። ከሰል ሻጯ ዘንድ ካርቦንን አስቀመጥክ። የመዘምራኑ መሪ አፉን እንደ ቀለበት ከፍቶ «ኦ» ሲል ኦክስጅን ሆነ። ገበያው መግቢያ ላይ ነጭ ፈረስ በጨለማ እያበራ ሲጋልብ ፎስፈረስ ሆነ። የትምህርት ቤቱ ልጆች ቢጫ ለብሰው፣ የተበላሸ እንቁላል እየሸተቱ ባንዲራው ሥር ሲሰለፉ ሰልፈር። መጨረሻ ላይ ደግሞ ካልሲ ያደረገች ላም ወተቷን ስትሰጥ ካልሲየም። አንዱ ልጅ «ላም ካልሲ ታደርጋለች እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅህ «ስለማታደርግ ነው የማትረሳት» አልከው።

ያን ቀን ወድጄህ ነበር። ልጆቹ ዙሪያህን ከበው ሲስቁ፣ ይህ ሰው የእኔ አባት ነው ብዬ ኮርቼ ነበር።

አሥራ አንደኛው ሶዲየም ነው። ለእሱም መልካም ሥዕል ነበረህ። መንገዱ ወደ ትምህርት ቤቱ በሚታጠፍበት ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመው፣ እጃቸውን እያውለበለቡ መንገደኛውን «ና! ና ወደ ሶዶ!» ይሉታል። ስሙ ሶዲየም፤ ምልክቱ ኤን ኤ፣ «ና»። እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው እንኳን ይህን አይረሳም። ከዚህ ሌላ ምን ፈለግህ?

የፈለግኸውን አውቃለሁ። ልጆቹ ስሙንና ምልክቱን ይዘው ጠባዩን ይረሱ ነበር። ሶዲየም ውሃ ሲነካው እንደሚነሣ፣ እንደሚነድ ደጋግመህ ብትነግራቸውም ፈተና ላይ አይጽፉትም። አምጥተህ እንድታሳያቸውም ትምህርት ቤቱ ሶዲየም የሚባል ነገር አልነበረውም። ያናድድህ ነበር፤ እራት ላይ ሳይቀር ታነሣው ነበር።

ኡፋይሳ የሞተው በዚያ ዓመት በልግ ነው። ወንድሜን ኡፋይሳ ያለችው እናቴ ናት፤ በቋንቋዋ ደስታ ማለት ነው። ግድግዳ ይዞ መቆም ጀምሮ ነበር። ትኩሳት ያዘው፤ ኦቶና ሆስፒታል ወሰድነው፤ እዚያ የሚቻለው ሁሉ ተደረገለት፤ አልተረፈም። በእሱ ማንንም አልወቅስም፤ አንተንም ቢሆን። ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ባሻገር ባለው የቤተ ክርስቲያን መቃብር ቀበርነው። ከሰዓት በኋላ ክፍል ገብተህ አስተማርክ። እናቴ ልታለቅስ አፏን ስትከፍት «አማኝ፣ ተስፋ እንደሌለው ሰው አይጮኽም። የመምህር ሚስት ነሽ፤ ሰው ያይሻል» አልካት። አፏን ዘጋች። ውሃ ስትቀዳ ዝም፣ ጎዳሬ ስትቀቅል ዝም። ጡቷ ወተት ይዞ ነበርና በጨርቅ አስራ ዋለች፤ በዚያም ዝም።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ዳሞት ተራራ ጠቁሮ ጠቁሮ በአንድ ጊዜ ወረደብን። እኛ ክፍል ውስጥ ነበርን። እናቴ ቤት ሆና ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ስትሰማ ልጇ ጣሪያ እንደሌለው ትዝ አላት። ነጠላዋን ሳትደርብ፣ ጫማ ሳታደርግ በጭቃው ወደ መቃብሩ ሮጠች። መንገዱ የሚያልፈው በክፍላችን መስኮት ሥር ነው። «ልጄ ረጠበ! ልጄን በረደው!» እያለች በወላይትኛ ስትጮኽ ክፍሉ ሁሉ ሰማ፤ ክፍሉ ሁሉም ገባው። ስትወድቅ አየናት፤ ተነሥታ እንደገና ስትሮጥ አየናት። አንተ ሄደህ መስኮቱን ዘጋኸው። እኔ ልወጣ ስነሣ «ተቀመጪ» አልከኝ። ጎረቤቶች ሄደው ሲያነሷት አፈሩ ላይ በደረቷ ተኝታ፣ ገላዋን አልብሳው አገኟት።

በማግስቱ ምን እንዳደረግህ ልንገርህ? አንተ ትንሽ ነገር መስሎህ ይሆናል። እኔ ግን ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ።

ሰሌዳው ላይ ኤን ኤ ብለህ ጻፍክ። «ሶዲየምን ሁልጊዜ ትረሱታላችሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን አትረሱትም» አልክ። «ሶዲየም ላምባ ውስጥ ተነክሮ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ደረቅ ሲሆን ሰላማዊ ነው። ውሃ ሲነካው ግን ይጮኻል፣ ይዘላል፣ ወዲያና ወዲህ ይራወጣል፣ ራሱን ያቃጥላል። ትናንት በዝናቡ ያያችኋትን ሴት አስቡ።»

ልጆቹ እኔን አዩ፤ አንተን አዩ። ከዚያ ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ተከትሎ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። አንተም ፈገግ አልክ። አይቼሃለሁ። «ሰው ያፈረበትን ነገር አይረሳም» ብለህ ጠመኔህን አስቀመጥክ። ሥዕል ነበረህ እኮ! ሽማግሌው መንገዱ ላይ ቆመው ነበር። እሳቸውን አንሥተህ እናቴን አቆምክበት።

በልጆቹ አልፈርድም፤ ልጆች የሰጧቸውን ነው የሚይዙት። ወዲያው መንገድ ለመንገድ «ሶዲየም! ሶዲየም!» ይሏት ጀመር። እናቴ እንግሊዝኛም ሳይንስም አታውቅም። ጉኑኖ ተወልዳ፣ ጉኑኖ አድጋ፣ አንተን አግብታ ወደ ከተማ የመጣች ሴት ናት። የከተማው ሴቶች በአነጋገሯ ስለሚለዩዋት «የጉኑኖዋ» ይሏት ነበር፤ ይህም ሁልጊዜ ያሳንሳት ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ ብሎ አየሁት። «የሶዶ ልጆች ለመዱኝ መሰለኝ» አለችኝ። «በሄድኩበት ሶዶ፣ ሶዶ ይሉኛል። እንደ አገራቸው ሰው ቆጠሩኝ። ሐዘኔን አይተው ይሆናል።» ልጆቹ ሲጠሯት ዞር ብላ እጇን ታነሣላቸው ነበር። ለስድብ ሰላምታ ትመልስ ነበር።

ላንተም እራት ላይ ነግራሃለች። ምን እንዳልካት ታስታውሳለህ? «ጥሩ ነው» አልካትና መጽሐፍህን ገለጥክ።

እኔ ግን እንደዚያ እያወቅሁ ልያት አልቻልኩም። በበነጋው ጓሮ ተቀምጣ ጎዳሬ ስትልጥ አጠገቧ ተቀመጥኩና «ሶዶ አይደለም የሚሉሽ» አልኳት። ሶዲየም ምን እንደሆነ፣ ላምባውን፣ ውሃውን፣ ጩኸቱን፣ ማን እንዳለውና የት እንዳለው ሁሉንም ነገርኳት። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ልጆቹ ፊት?» አለችኝ።

«አዎ።»

«አንቺም ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

አንተ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ላይ ጠበቀችህ። «ያን ቀን ያለቀስኩት ለማን ነበር?» አለችህ። ኮትህን እያወለቅህ «ምሳሌ ነው። የሳይንስ ምሳሌ ነው፤ አንቺ አይገባሽም» አልካት። ጠዋት ጉኑኖ ወንድሟ ዘንድ ሄደች። እኔን ልትወስደኝ ፈለገች፤ አንተ ግን «ልጅቷ ፈተና አለባት» ብለህ ከለከልካት። ልትመልሳት አልሄድክም፤ ሽማግሌም አልላክህም። ለጠየቀህ ሁሉ «ዘመድ ልታስታምም ሄዳለች» ትል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመህ ስለ እውነት ስትጸልይ አጠገብህ እቆም ነበር።

ትምህርት ሲዘጋ የወላጆች በዓል ሆነ። ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ሹማምንት መጥተው ድንኳኑ ሥር ከፊት ተቀምጠዋል፤ የንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል በአበባ አጊጧል። አንተ ከተማሪዎችህ ሁሉ እኔን መረጥክ። አዲስ ቀሚስ አሰፋህልኝና «ልጄ ንጥረ ነገሮቹን ከነሥዕላቸው በቃሏ ትላለች» ብለህ አቆምከኝ። ከበራችን ጀመርኩ። ቅሉ ወደ ሰማይ ወጣ፣ ሊትሩ ላምባ ሰፈረ፣ በሩ ሜዳ ላይ ቆመ። ሹማምንቱ እርስ በርሳቸው እየተያዩ ራሳቸውን በመደነቅ ይነቀንቁ ነበር። አሥራ አንደኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ቀጥዪ» አልከኝ።

ወደ እንግዶቹ ዞር ብለህ ፈገግ አልክና እንደገና «አሥራ አንደኛው ቦታ ላይ ማን አለ?» አልከኝ።

«ማንም የለም» አልኩ። «ነበረች። አሁን ወደ ጉኑኖ ሄዳለች።»

ሹማምንቱ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ተማሪዎቹ ግን አልሳቁም፤ አንዳቸውም። አንተም አልሳቅህም። እኔ «ማግኒዥየም» ብዬ ቀጠልኩ፤ ፈረሱን አስጋልቤ፣ ሰልፉን አሰልፌ፣ ላሟን ካልሲዋን አልብሼ ጨረስኩ። ተጨበጨበልኝ።

ቤት ስንገባ አልመታኸኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ባርኔጣህን ሚስማሩ ላይ ሰቅለህ፣ ፊትህን ሳታዞርልኝ፣ «ትምህርትሽ እዚህ ላይ አበቃ። ሴት ልጅ ማንበብና መጻፍ ከቻለች ይበቃታል» አልክ። ጠዋት በሕዝብ ፊት ያሞገስከኝ በዚያው አፍህ። መስከረም ሲጠባ የክፍል ጓደኞቼ ስምንተኛ ክፍል ሲመዘገቡ የእኔን ስም አላስመዘገብክም። ልብሴን በጨርቅ ቋጠርኩና በእግሬ ወደ ጉኑኖ ሄድኩ። እናቴ ከወንድሟ ማሳ ላይ ስኳር ድንች እየቆፈረች አገኘኋት። ቀና ብላ «ጨረስሽ?» አለችኝ። «አስጨረሰኝ» አልኳት። መቆፈሪያዋን ጥላ አቀፈችኝ። ያን ዕለት ሁለታችንም እንደ ልባችን አለቀስን።

አጎቴ በቤተ ክርስቲያን በኩል ለምኖልኝ ከጊዜ በኋላ ኦቶና ለረዳት ነርስነት ሥልጠና ገባሁ። ይህንን ሰምተሃል። ለሰዎች «ልጄ ኦቶና ነች» ትል እንደነበር ነግረውኛል፤ ከቤትህ ኦቶና ድረስ ግን አንድ ቀን መጥተህ አላየኸኝም። እዚያም ኬሚስትሪ ነበር። የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ጨው ነበር። ለታመመ ሰው በደም ሥሩ የምንሰጠው ፈሳሽ ውስጥ ሶዲየም አለ። አስተማሪዋ ቃሉን ሰሌዳው ላይ ስትጽፈው መስኮቱን አየሁ፣ ጭቃውን አየሁ፣ እናቴ ስትወድቅ አየሁ። ዛሬም ጠርሙስ በሰቀልኩ ቁጥር፣ ጽሑፉን ባነበብኩ ቁጥር አያታለሁ። ሥዕሉን ልለውጠው ብዙ ሞከርኩ። አሞሌ ጨው ልስልበት አልኩ። ሽማግሌውን ወደ ቦታቸው ልመልሳቸው አልኩ። እናቴ ሮጣ ትቀድማቸዋለች። ዘዴህ ይሠራል መምህር ማቴዎስ። በጣም ይሠራል። የምከስህም ስለሚሠራ ነው፤ በደንብ የሚቆርጥ ቢላዋ ይዘህ ከራስህ ቤት ሰው ላይ ሞከርከው።

ታመህ ስትመጣ እኔ የምሠራበት ክፍል አስተኙህ። ሌላ ክፍል እንዲመድቡኝ መጠየቅ እችል ነበር፤ አልጠየቅሁም። አጠብኩህ፣ ገለበጥኩህ፣ መድኃኒትህን በሰዓቱ ሰጠሁህ፣ «እርስዎ» አልኩህ። ጎንህ የተኛውን የዲምቱ ነጋዴ «ይቺ ልጄ ናት። ሁሉን ያስተማርኳት እኔ ነኝ» ስትለው መርፌ እየቀቀልኩ ሰማሁህ። ነጋዴው «እግዜር ይስጥልን፣ እንዲህ ያለ አባት» አለህ፤ አሜን አልክ። ስለ እናቴ ትጠይቀኛለህ ብዬ ጠበቅሁ። ምግብ ሳበላህ ጠበቅሁ፤ አንሶላ ስቀይርልህ ጠበቅሁ። ይቅርታ እንድትለኝ እንኳን አይደለም፤ «ደኅና ናት ወይ?» እንድትል ብቻ። አንድ ቀን ጠርሙሱን ስሰቅልልህ ጽሑፉን አነበብክና ፈገግ ብለህ «አሥራ አንድ» አልከኝ። እንደ ተማሪ መልሱን እንድነግርህ ጠበቅህ። እዚያ አልጋ ላይ ሆነህ እንኳን ፈተንከኝ። ጠብታውን አስተካክዬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ንግግር አልቻልክምና በመካከላችን የቀረው የመጨረሻ ቃል እሱ ነው።

የቀብርህ ዕለት ሕዝቡ ብዙ ነበር። እናቴም ከጉኑኖ መጥታ ሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ነበር፤ ስላልፈታሃት ሚስትህ ናት። ዳሱ ውስጥ ንግግር ያደረገው የድሮ ተማሪህ ነው፤ ዛሬ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ትልቅ ሰው ሆኗል። «መምህራችን ያስተማሩንን እስክንሞት አንረሳም» አለ። «ለምሳሌ ሶዲየምን። እስቲ ሶዲየምን የረሳ የእሳቸው ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ!» የታፈነ ሳቅ ዳሱን ዞረው። የፍቅር ሳቅ ነበር። ሰውየው ክፋት አላሰበም፤ ሴትዮዋን ረስቷታል፤ ቃሉን ብቻ ነው ይዞ ያደገው።

እናቴ ተነሣች። አማርኛዋ እንደምታውቀው ነው፤ ስትናገር ታርማት የነበረው አማርኛ። ያን ዕለት ሳትፈራ ተናገረችው።

«ያቺ ሴት እኔ ነው» አለች። «ያን ቀን ዝናብ ነበረ። ልጅ ሞቶብኝ አለቀስኩ። ሶዲየም ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። እሺ፣ ጥሩ። የልጄ ስም ማን ነበረ? የሚያስታውስ እጁን ያውጣ።»

ማንም አላወጣም። ያኔ አብረውን የቀበሩት ሽማግሌዎች መሬት መሬቱን አዩ። የድሮ ተማሪህ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት በእጇ ከለከለችኝ፤ «አንቺን አልጠየቅኩም፤ አንቺ እህት ነሽ» አለችኝ። ከዚያ ራሷ «ኡፋይሳ» አለችና ተቀመጠች። ጮኻ አለቀሰች። ሴቶቹም አብረዋት አለቀሱ። ሰው ሁሉ ላንተ የሚለቀስ መስሎት ነበር። አልነበረም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ተማሪዎችህ ሐውልት ሊያቆሙልህ ተነሡ። ሽማግሌዎቹ ከዚያው የድሮ ተማሪህ ጋር ቤት መጡ። «ከስማቸው ሥር ‹የዕውቀት አባት› ተብሎ ይጻፍ ብለን መክረናል፤ እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አሉን። እኔ የማስበውን ብናገር ሽማግሌ ፊት የማይባል ነበር። እናቴ ለሁሉም የተቀቀለ የቦዬ ሥር አቅርባ፣ በልተው እስኪጨርሱ ጠብቃ፣ «ልጄ የተቀበረበት ጠፍቶኛል» አለች። እውነቷን ነው። ምልክት ስላላደረግህለት ሣሩ ውጦታል፤ ሌላ ሰውም ተቀብሮበታል። መቃብሩ ቦታ በሄደች ቁጥር የት ላይ ቆማ እንደምታለቅስ ሳታውቅ ነው የምትመለሰው። «ለእሱ ድንጋይ የሚያቆም ተማሪ የለውም» አለች። «የአባቱ ድንጋይ ላይ ይጻፍለት። የኡፋይሳ አባት በሉት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ «የዕውቀት አባት የሚለው ግን ለክብራቸው…» ብለው ጀመሩ። አቋረጣቸው፤ ያ የድሮ ተማሪህ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «እናታችን ያሉት ይጻፍ» አለ። «ሌላ ምንም አይጻፍ።» ሲወጣ እናቴ እግር ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ፤ ክንዱን ይዛ አነሣችው። አንድ ቀን እንኳን አንተ ያላደረግኸውን ነገር አደረገ።

ሐውልቱ ቆሟል። ትናንት ሄጄ አየሁት። «መምህር ማቴዎስ፣ የኡፋይሳ አባት» ይላል። ፊደሉ በደንብ ጠልቆ ተቀርጿል። ባለጠጋው ለልጁ እንደሚያወርስ አንተ ስምህን ልታወርሰው ይገባ ነበር፤ አሁን እሱ ስሙን ላንተ አዋሰህ። እናቴም የምትቆምበት ቦታ አገኘች። የምትመጣው ላንተ እንዳይመስልህ።

ይቅርታን ከእኔ አትጠብቅ። ይቅርታው የእናቴ ነው፤ እሷም እስከ ዛሬ ለመነኝ አላለችም። እኔ ቃል የምገባልህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አልረሳህም። ለልጆች የሠራኸውን ያንን ደስ የሚል መንገድ አልረሳውም፤ የዘጋኸውንም መስኮት አልረሳውም። ሰዎች ሲያመሰግኑህ አላስተባብልም፤ ግን እነሱ ሲጨርሱ ቀሪውን እናገራለሁ። መቃብርህንም ሣር እንዲውጠው አልተውም። በየዓመቱ እመጣለሁ፤ ሣሩን አጭደዋለሁ፤ ዝናብ ፊደሉን ሲያደበዝዘው ሠራተኛ ይዤ መጥቼ አስቀርጸዋለሁ። ለአንተ ብዬ አይደለም። እዚያ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሁሉ ያንተን ስም ሲያነብ የወንድሜንም ስም አብሮ እንዲጠራ ነው።

ማርታ